ላስቲክ የምትፈራው በቅሎ

የዚህ ነገር ዋጋ የአንዲት ሴት ሕይወትና የአንድ ሽማግሌ ቃል ነው። ሕይወቱን የከፈለችው እሷ ናትና «እኔን ያስከፈለኝ» ብል ድፍረት ይሆናል፤ ነጋዴ የሌላውን ወጪ በራሱ ስም ማስቆጠር ይወዳል። የእኔ ድርሻ ቃሉ ነው። ብቸና ገበያ ላይ ከማንኛውም ማኅተም በላይ ይታመን የነበረ የአያ ፈንቴ ቃል በእኔ ምክንያት ወድቆ ሳይነሣ ቀረ።

አበጀ እባላለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በቅሎ ነግጃለሁ። ከሞጣ ገዝቼ ብቸና ሸጫለሁ፤ ከብቸና ገዝቼ ሞጣ ሸጫለሁ፤ አንዳንዴም ደብረ ኤልያስ ድረስ ዘልቄአለሁ። ያቆምኩት አምና ነው። መጀመሪያ ሞተር ሳይክል መጣ፣ ቀጥሎ ባጃጅ መጣ፣ በመጨረሻም መንገዱ ራሱ የማይታመን ሆነ፤ ዛሬ ክፍት ነው ያሉህ ነገ ዝግ ነው። የመጨረሻዋን በቅሎ ለአንድ ቄስ ሸጬ ልጓሜን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት በቅሎ ኋላ ኋላ ስሄድ ነው፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው በርግጫ።

ከበቅሎ በፊት ሞጣ ውስጥ አንድ የቆዳ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሬ ነበር። ሲቆጣ የደጁ ዶሮዎች እንኳ ይበተኑ ነበር። ደመወዙን የሚከፍለው ሲያስታውስ ነው፣ ቁጣውን ግን ረስቶት አያውቅም። ቆዳ በጨው ስናሽ ጨው ያነሰው መበስበስ ይጀምራል። ማናችንም ደፍረን አንነግረውም፤ የበሰበሰውን ከሥር አድርገን ደህናውን ከላይ እንደረድርበታለን። ሽታው ራሱ እስኪናገር ድረስ። የሚፈራ ሰው መጀመሪያ ይሸሻል ይባላል። ውሸት ነው። መጀመሪያ ይደብቃል።

አያ ፈንቴን ያገኘኋቸው ከዚያ ወጥቼ ብቸና ስገባ ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ነበሩ። ይነግዳሉ፣ ያሻሽጣሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ዋስ ይሆናሉ። በእኛ ገበያ በቅሎ ስትሸጥ ሦስት ሰው ይቆማል፤ ሻጭ፣ ገዢና ዋስ። ገዢው «አመሏን ተናገር» ይላል። ሻጩ ዋሱ እየሰማ ይናገራል፤ ትራገጣለች፣ ትናከሳለች፣ ውኃ አትሻገርም፣ ያለው ሁሉ ይባላል። የተነገረ አመል የገዢው ነው። ያልተነገረ አመል የሻጩና የዋሱ ነው። ደረሰኙና ቀረጡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ወረቀት ነው።

ሌላው ነጋዴ በቅሎ ሲያይ ከጥርሷ ይጀምራል። አያ ፈንቴ ጀርባቸውን ይሰጧትና ዝም ብለው ይቆማሉ። የማያውቃቸው ሰው ይስቃል።

«አያ፣ በቅሎዋ እኮ ወዲያ ናት።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ እሷ ትየኝ።»

እንደዚያ ቆመው የሚሰሙት እስትንፋሷን ነው። ከዚያ ቀስ ብለው ይዞሩና ፊቷን ሳይነኩ ትከሻዋን ይዳስሳሉ፤ መዳፋቸውን ከግራ ክንዷ ኋላ አስገብተው ልቧን ያዳምጣሉ። «ጆሮ ይሠለጥናል፤ ጅራትም ይሠለጥናል። ልብን ግን ማንም አላሠለጠነውም» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ሻጩን አንዲት ነገር ይጠይቁታል። «ምን ትፈራለች?» ውሻ ትፈራለች፣ ድልድይ ትፈራለች ካለ ጨዋታው ይቀጥላል። «ምንም» ካለ ዞረው ይሄዳሉ።

«ቆንጆ በቅሎ ነበረችኮ፣ ለምን ተውዋት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እሷን መች ተውኩ? ሰውየውን ነው የተውኩት። የማይፈራ ፍጥረት የለም። ምንም አትፈራም የሚል ሰው ወይ አላያትም፣ ወይ አይቷታል።»

«የቱ ይብሳል?»

«ያየው ነዋ።»

ፍርሃት በመጫኛ ገመድ እንደሚተላለፍም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። በቅሎዋ ወንዙ አፋፍ ላይ ስትቆም እኔ መጫኛውን አጥብቄ እይዛለሁ። «ለምን ነገርካት?» ይሉኛል። ምንም አልነገርኳትም ስላቸው ወደ እጄ ይጠቁማሉ። እጄ ሲጠብቅ አንገቷ ይጠብቃል፣ አንገቷ ሲጠብቅ እኔ ይብስብኛል፤ እንደዚያ እየተቀባበልን ሁለታችንም ቆመን እንቀራለን። ይህ በሰው ላይም ይሠራል። አንድ ጊዜ ገበያ መሐል የሱቅ ቆርቆሮ ወደቀ። አንድ ሰው ሮጠ፣ አሥሩ ተከተሉት፣ ገበያው በሙሉ ፈረሰ። እኔም ሮጥኩ። ትንፋሼ ሲመለስ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሜ የሰው በግ አቅፌአለሁ። የበጉ ባለቤት ሲመጣ ሌባ ነህ እንዳይለኝ ደግሞ ሌላ ፍርሃት። አያ ፈንቴ የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ነበሩ። «ከምን ነበር የምትሸሹት?» ብለው ጠየቁን።

ይህን ሁሉ እየተማርኩ እኔ ራሴ የምፈራውን ጠይቄ አላውቅም። የምፈራው ሳቅ ነበር። የብቸና ገበያ ተሳስተህ ከገዛህ ስም ያወጣልሃል፤ ስሙም ከአንተ ዕድሜ ይረዝማል። አንድ ዓይኗ የማያይ በቅሎ የገዛ ሰው ነበረን። ከዚያች ቀን ጀምሮ «ዓይናማው» ነው። ሲሞት እንኳ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ስለታጣ ካህናቱ ቆመው ሚስቱን ማስጠየቅ ነበረባቸው።

ይህን ሁሉ ያመጣችውን ዳማ በቅሎ የገዛሁት ከሞጣ ነው፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መጋቢት ላይ። ከዚያ በፊት ያለ አያ ፈንቴ ምክር ትልቅ በቅሎ ገዝቼ አላውቅም። ይህችን ለብቻዬ መረጥኳት። ደረቷ ሰፊ፣ እግሯ ደረቅ፣ አካሄዷ ሰጋር። ሻጩን «ምን ትፈራለች?» አልኩት እንደ አያ ፈንቴ። «ጅብ» አለ። ጅብ የማይፈራ ማን አለ? ደስ ብሎኝ ገዛኋት፤ ገና ከሞጣ ሳልወጣም «ብቸና እንዲህ ያለ በቅሎ አይቶ አያውቅም» ብዬ ወሬውን በተሳፋሪ ላክሁ።

በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ የበልግ ካፊያ ያዘኝ። ከብብቴ ላስቲክ አውጥቼ ራሴ ላይ ዘረጋሁ። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ዳማዋ ከሥሬ ጠፋች። ዘለለች ማለት አይበቃም፤ አንድ ጊዜ እዚህ ነበረች፣ ከዚያ የለችም። እኔ ቦዩ ውስጥ ወደቅሁ፤ እሷ ከገደሉ ጫፍ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ቀርቤ ልቧን ብዳስስ መዳፌን ይመታው ነበር። ላስቲኩን አጥፌ ኪሴ ስከተው ዓይኗ ኪሴን ተከትሎ ሄደ። ሻጩ በበጋ ያወጣት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ክረምት ሲገባ ላስቲክ ያልለበሰ መንገደኛ የለም።

ብቸና ስገባ ገበያተኛው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ወሬዬ ቀድሞኝ ደርሷል። አደነቋት። እኔም ተቀብዬ አብሬ አደነቅሁ።

ከዚያ ላስተምራት ጀመርኩ። በዚህ ሥራ የሠራሁት ጥሩ ነገር ይህ ነበር፤ ስለዚህ ልናገረው። ጣት የምታክል ቁራጭ ላስቲክ ገብስ ከምትበላበት ዕቃ አጠገብ አሠርኩ። ሁለት ቀን ገብሱን ሳትነካ ዋለች። በሦስተኛው ረኃቡ አሸነፈ። ከዚያ መዳፍ የሚያክል፣ ከዚያ መሐረብ የሚያክል። ከዚያ በእጄ ይዤ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ፣ ከዚያ ትከሻዋ ላይ። በሃያ ቀን ውስጥ ሙሉውን ላስቲክ ጀርባዋ ላይ ዘርግቼ እያንኮሻኮሽኩ ገብሷን ትበላ ነበር። ልቧን ሳዳምጥ ከሰው ልብም ቀስ ይላል። ዳነች አልኩ።

አንድ ነገር ብቻ አላደረግሁም። ከግቢዬ አውጥቼ መንገድ ላይ አልሞከርኳትም። ዛሬ ነገ እያልኩ ሚያዝያ ደረሰ።

ገዢው ከጉንደ ወይን ወዲያ ባለ የገጠር ደብር የቅኔ መምህር የሆኑ መሪጌታ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጋነሽ ጉልበቷን ታማለች፤ በእግሯ መሄድ አትችልም። ለሰኔ ማርያም መርጡለ ማርያም ለመሳለም ስእለት አለባት። በቅሎዋ የምትፈለገው ለእሷ ነበር። አብራ መጥታ ነበርና ዳማዋን አንገቷን አሻሸቻት።

«ይህች እንኳ የእኔ ቢጤ ናት፤ ዓይኗ ያዘነ ነው» አለች።

«መሪጌታ፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ አያ ፈንቴ። ከዚያ በልማዳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «እህ፣ አበጀ። ምን ትፈራለች?»

ሃያ ሰው ከቦናል። ላስቲክ ትፈራለች ብል፣ ክረምት አፍ ላይ ላስቲክ የምትፈራ በቅሎ በራሱ ምርጫ የገዛ ጀግና ተብዬ ስም ይወጣልኛል። ደግሞስ ድናለች አይደለም? አፌ ደርቆ ነበር።

«ምንም» አልኩ።

አያ ፈንቴ አዩኝ። ለብዙ ጊዜ አይደለም፤ ውኃ ለመዋጥ የሚበቃ ያህል ነው። እንደ ወትሮው ዞረው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሄዱም። እጃቸውን ዘርግተው የመሪጌታን እጅ መቱ። ሽያጩ አለቀ።

ሰኔ ሃያ ቀን ባልና ሚስቱ ወደ መርጡለ ማርያም ሲሄዱ ቁልቁለት ላይ ዝናብ መጣ። ላስቲክ ተዘረጋ። ዳማዋ ደነበረች። የወይዘሮ አልጋነሽ እግር እርካቡ ውስጥ ተይዞ ቀረ፤ በቅሎዋ እስከ ሜዳው ድረስ ጎተተቻት። ዘጠኝ ቀን ተኝታ በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔና አያ ፈንቴ ተጠራን። መሪጌታ ፊታቸው ጠቁሮ ከሁላችን ዝቅ ብለው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ክስ የለኝም» አሉ። «ዝናብ መጣ፣ በቅሎዋ ደነበረች፣ እግዚአብሔር ወሰዳት። ሽማግሌ ይቀመጥ ያሉት ዘመዶቿ ናቸው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞረ። «አመል እንዳላት ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይቀላል፤ መንገዱን ያውቀዋል።

አያ ፈንቴ ተነሡ። «ዋሱ እኔ ነኝ። እሱ አላውቅም ካለ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ይባል። ከዛሬ ወዲህ ግን ለማንም ዋስ አልሆንም፤ እንዳትጠሩኝ።» ለጉማው፣ ለደም ካሳው የተወሰነውን ሁለታችን ሰጠን፤ በቅሎዋንም መሪጌታ አላያትም ስላሉ ወደ ሩቅ ቆላ ተሸጠች።

ወደ ቤታቸው አብሬአቸው ሄድኩ። ደጃቸው ስንደርስ ቆሙ።

«አበጀ፣ ምንም ስትል ሰምቼሃለሁ።»

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ያን ጊዜ ዞሬ መሄድ ነበረብኝ። ስንቱን ባዳ ትቼ የሄድኩ ሰው ነኝ። አንተን ሰው ፊት ላሳፍርህ ፈራሁ።» በሩን ገፋ አደረጉ። «እኔም ፈሪ ኖሬአለሁ። ይኸው ታወቀ።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። ገበያ አልወጡም። እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ እህል፣ ስለ ጉልበታቸው እናወራለን። ስለ በቅሎ አንድም ቀን አላነሡም። ሰው ዋስ ሲፈልግ «ፈንቴ እንኳ ያልሆኑትን ማን ይሆናል?» ማለት ጀመረ፤ ቀስ በቀስም የብቸና በቅሎ ያለ ዋስ፣ በደረሰኝ ብቻ መሸጥ ጀመረች። እኔ ስም አልወጣልኝም። የፈራሁት ነገር አልደረሰብኝም ማለት ነው።

አምና ሥራ ካቆምኩ በኋላ ሞጣ ልጄ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። የሺ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ሰሞኑን ብዙ ሰው ይመጣባታል፤ የበር ድምፅ ሲሰማ ከአልጋ ሥር የሚገባ ጎልማሳ፣ ሞተር ሳይክል በደጇ ሲያልፍ ያንቀጠቅጠኛል የምትል እናት። ምን እንደምታደርግላቸው ጠየቅኋት።

«ጭንቅላታችን ውስጥ የለውዝ ፍሬ የምታክል ነገር አለች አባዬ። እኛ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳናጣራ እሷ ቀድማ ሰውነትን ታስነሣለች። ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ እግር ይሸሻል። አንድ ቀን የተማረችውን አትረሳም።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ነዋ» አልኳት።

«እሱን ነው እኔ አራት ዓመት የተማርኩት» ብላ ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ፤ ሰውየውን ከሚፈራው ነገር ጋር በጥቂት በጥቂቱ እያቀራረቡ ያለማምዱታል። «ግን ፍርሃቱ አይፋቅም። ከላዩ አዲስ ትምህርት ይነጠፍበታል እንጂ አሮጌው ከሥር አለ። የኛ ክፍል ውስጥ ደህና ይሆንና ሌላ ቦታ ሲሄድ ሊመለስበት ይችላል። ስለዚህ ይዘነው እንወጣለን፤ ገበያም፣ መንገድም እንለማመዳለን።»

«እንስሳም እንዲህ ነው?»

«መጀመሪያ የታወቀው በእንስሳ ላይ ነው።»

ያን ቀን እፎይ አልኩ ብል አልዋሽም። ድና ነበር፤ ግቢ ውስጥ ድና ነበር፤ መንገድ ላይ እንደሚመለስባት ግን አራተኛ ክፍል የቆመ ነጋዴ ከየት ያውቃል? ሁለት ቀን በዚህ ተጽናናሁ። በሦስተኛው ቀን አልሠራ አለኝ። ምክንያቱም ማወቅ ብፈልግ ኖሮ በሩን ከፍቼ መንገድ ላይ ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያላወጣኋት መልሱን ስለፈራሁ ነው። የማላውቀውን ማንም አይጠይቀኝም ብዬ «አላውቅም» ማለት እንድችል ለራሴ አመቻቸሁ። ነገሩን ሁሉ ለየሺ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ታዲያ ለሟቿ ባል ነግረኸዋል?» አለች።

ዘንድሮ ሐምሌ ውስጥ መንገዱ ሲከፈት ወደ ጉንደ ወይን ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሬ። ዝናብ ነበር። መሪጌታ የደብሩ አጸድ ውስጥ ከዛፍ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ጋቢያቸው ውኃ ይተፋል፤ ራሳቸው ላይ ምንም የለም። አርጅተዋል።

«መሪጌታ፣ አበጀ ነኝ። በቅሎ የሸጥኩልዎት።»

«አውቄሃለሁ። ጥላህን እጠፍና ቅረብ።»

አጠፍኩት። ሁለታችንም ዝናብ እየመታን ቆምን።

«ስለ በቅሎዋ ነው የመጣሁት። አመሏን አውቅ ነበር። ሽማግሌ ፊት አላውቅም ያልኩት ውሸት ነው። እኔንም ጥላኝ ነበር።»

«አመሏ ምን ነበር?»

«ላስቲክ ትፈራለች።»

መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ።

«ማንኛውንም ላስቲክ?»

«ማንኛውንም። የዘረጋው ማንም ቢሆን።»

«የዘረጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «አዲስ ልብስ ለብሳ ነበር። እንዳይረጥብባት ብዬ ከኋላ መጥቼ አለበስኳት። ሽማግሌ ፊት ይህን መናገር ፈራሁ፤ ወንድሞቿ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት በእጄ ገደልኳት ስል ኖሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲመጣ የምከለልበት ነገር አልያዝኩም።»

የጋቢያቸውን ጫፍ ጨመቁ።

«ያን ቀን ገበያ ላይ ብትነግረኝ ላስቲኩን ቤት እተወው ነበር» አሉ። «ትረጥብ ነበር። በቃ።»

ጉልበቴን አጥፌ «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አላደረጉም፤ አልገፉኝምም።

«ይቅር በል ተብሎ የታዘዘ ሰው ነኝና አንድ ቀን እል ይሆናል። ዛሬ አልልም። ዛሬ ይህን ለእሷ መንገር አለብኝ።» ይህን ብለው ወደ መቃብሩ ወገን ሄዱ። እኔም ጥላዬን ሳልዘረጋ ተመለስኩ፤ ከእሳቸው ፊት መዘርጋት አልቻልኩም።

መሪጌታ እስካሁን መልስ አልላኩልኝም።

ከሂሳቡ የቀረው ይህ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በቅሎ ሸጥኩ። የአንዷን አመል ደበቅሁ። አንዲት ሴት ሞተች። አንድ ሽማግሌ በእኔ ጥፋት ተዋረደ፤ ክብሩን ሳላስመልስለት ተቀበረ። አንድ ባል ያልገደላትን ሚስቱን ገደልኩ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። ይቅርታ አልተሰጠኝም።